የ1895–96 የአሜሪካ ኮሌጆች የወንዶች ቅርጫት ኳስ ዘመን፦ «የመጀመሪያው ጨዋታ» የትኛው ነው?

የቅርጫት ታሪክ ወዳድ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች በሙሉ። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ።

ስለ ቅርጫት ኳስ አጀማመር በአማርኛ የሚጻፈው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ጄምስ ናይስሚዝ በዲሴምበር 1891 በስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ፣ ሁለት የኮክ ቅርጫቶችን ከጂምናዚየሙ ሰገነት ላይ አስቸነከረ ከሚለው ይነሣና በቀጥታ ወደ ዘመናችን ከዋክብት ይሻገራል። ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስትና ስድስት ዓመታት ጨዋታው ምን ይመስል እንደ ነበር፣ ወደ ኮሌጆች እንዴት እንደ ገባና ዛሬ የምናውቀውን መልክ እንዴት እንደ ያዘ የሚነግረን ጽሑፍ ጥቂት ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ለረጅም ጊዜ ሳነብ ቆይቻለሁ፤ ከሁሉም ይልቅ ልቤን የሚይዘው ግን ከ1895 መጨረሻ እስከ 1896 መጀመሪያ ያለው ብርዳማ ወቅት ነው።

ቅዳሜ ጃንዋሪ 18 ቀን 1896 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ቡድን አይዋ ሲቲ ድረስ ተጉዞ፣ ክሎስ ሆል በተባለው አዳራሽ ውስጥ ከአይዋ ዩኒቨርሲቲ ጋር ገጠመ። በእያንዳንዱ ወገን የተሰለፉት አምስት አምስት ተጫዋቾች ነበሩ። ሁለቱም ቡድኖች አንድም ተቀያሪ ሳያስገቡ የጀመሩት አምስት ሰዎች እስከ መጨረሻ ተጫወቱ፤ ቺካጎም 15 ለ 12 አሸነፈ። ጨዋታው እንዲካሄድ ያደረጉት ሁለት ሰዎች፣ ማለትም የቺካጎው አሞስ አሎንዞ ስታግና የአይዋው ሄንሪ ካለንበርግ፣ ሁለቱም ናይስሚዝን ከስፕሪንግፊልድ የሚያውቁት ናቸው። ስታግ በኋላ ስሙ የገነነው በአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኝነቱ ቢሆንም፣ ማርች 11 ቀን 1892 በስፕሪንግፊልድ መምህራንና ተማሪዎች በተመልካች ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገጥሙና ተማሪዎቹ 5 ለ 1 ሲያሸንፉ የመምህራኑን ብቸኛ ግብ ያስቆጠረው እርሱ ነበር። ካለንበርግ በበኩሉ የጨዋታውን ሕግ ከናይስሚዝ በደብዳቤ አስልኮ ወደ አይዋ ያስገባ ሰው ነው፤ የዚያን ዕለቱንም ጨዋታ በዳኝነት መርቷል።

የኔ አቋም ግልጽ ነው። በኮሌጆች መካከል የተደረገ የመጀመሪያው የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ሊባል የሚገባው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ በየሜዳው የምናየው አምስት ለአምስት ግጥሚያ በኮሌጆች መካከል የጀመረው እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው። የምትቃወሙ ካላችሁ ምክንያታችሁን ብትጽፉልኝ በደስታ አነባለሁ።

የሴንት ፖሏ

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን በጥሞና አነበብሁት፤ ነገር ግን የምኖርበትን ከተማ ዘልለህ አልፈሃልና ዝም ብል ደስ አይለኝም።

እኔ በሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ፣ ከሐምሊን ዩኒቨርሲቲ ብዙም በማይርቅ ሰፈር እኖራለሁ። ብዙ የእኛ ሰዎች ለምሳና ለገበያ የሚመላለሱበት የስኔሊንግ ጎዳና ከዚህ ተቋም አጠገብ ያልፋል፤ እዚያ አጥር ሥር ምን ታሪክ እንዳለ የሚያውቅ ግን ብዙ አላገኘሁም። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1895፣ ማለትም አንተ ከጠቀስኸው ጨዋታ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የሚኒሶታ የእርሻ ትምህርት ቤት ቡድን ወደ ሐምሊን መጥቶ 9 ለ 3 አሸነፈ። የተጫወቱበት ቦታ የሳይንስ ሕንፃው ምድር ቤት ነበር፤ የጣሪያው ከፍታ 9 ጫማ ብቻ ነው። የዛሬው ቅርጫት ከመሬት 10 ጫማ ላይ እንደሚሰቀል የምታውቁ ሁሉ ይህን አስቡት፤ ቅርጫቱ በትክክለኛው ከፍታ ሊሰቀል የማይችልበት ክፍል ነበር።

ጨዋታውን ወደ ሐምሊን ያመጣው ሬይ ኬይን የተባለው ሰው ነው። እርሱም በስፕሪንግፊልድ በዚያች በመጀመሪያዋ ዕለት ናይስሚዝ ከፊቱ ካሰለፋቸው 18 ተማሪዎች አንዱ ነበር። ስለዚህ የመስመሩ ንጽሕና የሚለካው ከምንጩ ባለው ቅርበት ከሆነ፣ ሐምሊን ከማንም አያንስም።

አንድ ነገር ልጨምር። የእርሻ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች የገበሬ ልጆች ነበሩ፤ የሚማሩትም እርሻ በማይኖርበት በብርዱ ወራት ነበር። እዚህ አገር በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ምን ያህል እንደሚበርድ የኖረበት ያውቀዋል፤ ከቤት ወደ አውቶቡስ ማቆሚያ እስኪደርሱ ድረስ ሽፋሽፍት ላይ በረዶ ይጋገራል። ጨዋታው ለምን በምድር ቤት እንደ ተጀመረ ለመረዳት ከዚያ የበለጠ ማብራሪያ አያስፈልገኝም፤ ናይስሚዝ ራሱ ይህን ጨዋታ እንዲፈጥር የታዘዘው ብርዱ ወጣቶቹን ከሜዳ ስላስወጣቸው ነበር።

አዲስ አንባቢ

ለሁለታችሁም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ለመጠየቅ ያህል፦ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1893 በናሽቪል 9 ለ 6 አሸንፎ የለምን? በፔንሲልቬንያ የሚገኘው ጄኔቫ ኮሌጅስ በዚያው ዓመት ኤፕሪል 8 ቀን 3 ለ 0 አላሸነፈም? እነዚህ ከሐምሊንም ሁለት ዓመት ይቀድማሉ።

የቅርጫት ታሪክ ወዳድ

ጥያቄው ተገቢ ነው። ቫንደርቢልት የገጠመው ግን ኮሌጅን አልነበረም፤ የናሽቪልን የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር፣ በእኛ አጠራር ወወክማን ነው። ጄኔቫም የገጠመው የኒው ብራይተንን ወወክማ ነው። ስለዚህ እነዚህ አንድ ኮሌጅ ከውጭ ቡድን ጋር የተጫወተባቸው የመጀመሪያ ግጥሚያዎች ተብለው ይመዘገባሉ እንጂ በኮሌጆች መካከል የተደረጉ አይደሉም።

እኅቴ ከሴንት ፖል ለጻፈችው ደግሞ አክብሮቴ እንደ ተጠበቀ ሆኖ ሁለት ነገር አነሣለሁ። አንደኛ፣ በሐምሊን የተሰለፉት በየወገኑ ዘጠኝ ነበሩ። ሁለተኛ፣ የሚኒሶታ የእርሻ ትምህርት ቤት በዩኒቨርሲቲው ሥር ይሁን እንጂ የትምህርት ደረጃው የሁለተኛ ደረጃ ነበር። ማርች 23 ቀን 1895 ሃቨርፎርድ ቴምፕልን 6 ለ 4 ያሸነፈበት ግጥሚያ በዚህ ረገድ የተሻለ ማስረጃ ነው፤ ሁለቱም ኮሌጆች ናቸው። እርሱም ግን ዘጠኝ ለዘጠኝ ነበር።

የሰውነት ማጎልመሻ መምህር

ለ22 ዓመታት የሰውነት ማጎልመሻ አስተምሬአለሁ፤ ቅርጫት ኳስንም ለመጀመሪያ ጊዜ የያዝሁት በልጅነቴ አራት ኪሎ ወወክማ ግቢ ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህ ክር ከልቤ ገብቷል። ወጣት አንባቢዎች በ1896 የነበረውን ጨዋታ የዛሬውን በዓይነ ሕሊናቸው እያዩ እንዳይፈርዱበት ብዬ ጥቂት ላብራራ።

ናይስሚዝ መጀመሪያ ዘጠኝ ለዘጠኝ ያደረገው ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ተማሪዎች 18 ስለ ነበሩ ብቻ ነው። ቁጥሩ ቅዱስ አልነበረም፤ እንደ አዳራሹ ስፋት ከሦስት እስከ አርባ ሰው መጫወት ይቻላል ተብሎ ነበር። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አንድ መቶ የሚያህሉ ተማሪዎች ለሁለት ተከፍለው ሃምሳ ለሃምሳ ተሰልፈው ሁሉም በአንድነት ኳሱን ሲያሳድዱ፣ ሕንፃው ይፈርሳል ተብሎ እስኪፈራ ድረስ ተናወጠ ይባላል። አምስት የሚለው ቁጥር ሕግ ሆኖ የጸናው በ1897 ገደማ ነው።

ኳስ እያነጠሩ መሄድ በሕጉ አልተጠቀሰም። የናይስሚዝ ሕግ ተጫዋች ኳሱን ይዞ አይሮጥ፣ ከያዘበት ቦታ ይወርውር ይላል። ኳሱን መሬት ላይ አንጥሮ ራሱ መልሶ በመያዝ መራመድ የተለመደው በኋላ ነው፤ በዚህም የዬል ተጫዋቾች ስማቸው ይነሣል። እያነጠረ የመጣ ተጫዋች ራሱ ወደ ቅርጫት እንዲወረውር የኮሌጆቹ ሕግ የፈቀደው ግን በ1908–09 ነው። ስለዚህ አይዋ ሲቲ ላይ የተጫወቱት አሥሩ ወጣቶች የሚተማመኑት በቅብብልና ያለ ኳስ በመሮጥ ነበር።

ቅርጫቱም ከታች የተዘጋ ነበር። የኮኩ ቅርጫት በብረት ቀለበትና በመረብ ከተተካ በኋላም መረቡ ከታች እንደ ተቋጠረ ኖረ፤ ኳስ በገባ ቁጥር ገመድ ተስቦ ወይም በእንጨት ተገፍቶ ይወጣል። የመረቡ ሥር የተከፈተው በ1913–14 ነው። ከእያንዳንዱ ግብ በኋላም ኳሱ ወደ መሐል ተመልሶ በሁለት ተጫዋቾች መካከል ወደ ላይ ይወረወራል፤ ይህም እስከ 1937 ቆየ። 15 ለ 12 ትንሽ ነው የሚል ካለ፣ በዚያ ጨዋታ ውስጥ ኳሱ ስንት ጊዜ ቆሞ ስንት ጊዜ እንደ ገና እንደ ተጀመረ ያስብ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የውጭ ኳስ ሕግ ነበር። ኳሱ ከመስመር ሲወጣ ቀድሞ የነካው ሰው ያስገባዋል። ኳሱ ወደ ሰገነቱ ከወጣ ሁለቱም ቡድኖች በደረጃው ላይ እየተጋፉ ይሽቀዳደማሉ ማለት ነው። አንዳንድ የወወክማ ቅርንጫፎች ጨዋታውን ከጂማቸው ያስወጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

የሒሳብ ሰው

መምህር፣ ለማብራሪያው አመሰግናለሁ። እኔ ደግሞ በውጤቶቹ ላይ አንድ ነገር አስተውያለሁ፤ ትክክል ካልሆንሁ አርሙኝ።

በ1895–96 የነጥብ አቆጣጠር ተለወጠ። ከሜዳ የገባ ግብ ከሦስት ነጥብ ወደ ሁለት፣ በነጻ ውርወራ የገባው ከሦስት ወደ አንድ ወረደ። እንግዲህ በፌብሩዋሪ 1895 የሐምሊን ጨዋታ 9 ለ 3 ሲያልቅ፣ በጊዜው ሕግ ሦስት ግብ ለአንድ ነው፤ ሁለቱም ቁጥሮች ለሦስት ይካፈላሉ። በስድስት ሳምንት ልዩነት የተደረገው የሃቨርፎርድና የቴምፕል 6 ለ 4 ግን ከዚህ ጋር አይሄድም፤ አራት ለሦስት አይካፈልም። እንደኔ ስሌት እነዚህ ሁለት ኮሌጆች የተጫወቱት በሌላ የነጥብ አቆጣጠር ነው ማለት ነው።

የቺካጎና የአይዋ 15 ለ 12 ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። በአዲሱ ሕግ 15 ጎዶሎ ቁጥር ስለ ሆነ ቺካጎ ቢያንስ አንድ ነጻ ውርወራ አስገብቷል። በአሮጌው ሕግ ግን አምስት ግብ ለአራት ይሆናል፤ ይህም ያለ ምንም ችግር ያስኬዳል። ውጤቱ በሁለቱም ሚዛን ይቆማል። እኔ የአዲሱን ሕግ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ስታግና ካለንበርግ ከስፕሪንግፊልድ የሚወጣውን ሁሉ በቅርብ የሚከታተሉ ሰዎች ነበሩ።

የቅርጫት ታሪክ ወዳድ

ይህን ስሌት እስከ ዛሬ ማንም ሲያነሣው አልሰማሁም፤ ወንድሜ፣ በእውነት ደስ አሰኘኸኝ። ያ ትውልድ አንድ ጨዋታ የተጫወተ ይመስለናል እንጂ በየከተማው የሚለያዩ በርካታ ጨዋታዎችን እንደ ተጫወተ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም።

ዘካሪው

ውይይቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ክሩን የከፈተው ወንድማችን በራሱ መስፈርት ራሱን መመዘን ይኖርበታል።

ቫንደርቢልትን ያስወጣኸው ተጋጣሚው ወወክማ ነበር ብለህ ነው። የአይዋስ? ተጫዋቾቹ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ነበሩ፤ ይህን አልክድም። ቡድኑ የተደራጀው ግን በዩኒቨርሲቲው ወወክማ በኩል ነው፤ የተጫወቱበት ክሎስ ሆል ራሱ ለዚያ ማኅበር የተሠራ ሕንፃ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን በማየት ማርች 20 ቀን 1897 ዬል የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲን 32 ለ 10 ያሸነፈበትን ግጥሚያ በሁለት እውነተኛ የኮሌጅ ቡድኖች መካከል የተደረገ የመጀመሪያው የአምስት ለአምስት ጨዋታ ያደርጉታል። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ ጥብቅ ከሆንን ከ1895–96 ዘመን ወጥተን ወደ ሚቀጥለው ዓመት እንገባለን፤ ለዘብ ካልን ደግሞ ወደ 1895 ወይም ወደ 1893 እንመለሳለን። ለአይዋ ሲቲ ብቻ የሚስማማ መስፈርት ማበጀት ግን ፍትሐዊ አይመስለኝም።

እኔ የማምነው ይህን ነው፦ በዚያ ወቅት የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የሚባል ራሱን የቻለ ነገር ገና አልነበረም። ፈጣሪው የወወክማ መምህር፣ ሕጉን የሚያወጡት የወወክማ ሰዎች፣ አዳራሾቹ የወወክማ፣ አብዛኞቹ ተጋጣሚዎችም የወወክማ ቡድኖች ነበሩ። ኮሌጆቹ የራሳቸውን የሕግ ኮሚቴ ያቋቋሙት በ1905 ነው። የራሳቸውን ሊግ ማለትም ዬል፣ ኮሎምቢያ፣ ሃርቫርድ፣ ፕሪንስተንና ኮርኔል የተሰበሰቡበትን የምሥራቁን ሊግ የመሠረቱትም በ1901 ነው። ከዚያ በፊት ያለው ልጁ በአባቱ ቤት ያደገበት ዘመን ነው፤ የልጁን ንብረት ከአባቱ ንብረት ለይቶ መቁጠር ያስቸግራል።

የሴንት ፖሏ

ዘካሪው የተናገረው እውነት ነው፤ ለሐምሊንም ያገለግላል። ሬይ ኬይንም የመጣው ከዚያው ከስፕሪንግፊልድ የወወክማ ማሠልጠኛ ነው። የገጠመው ቡድን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መሆኑን ግን እቀበላለሁ፤ ቀድሞም አላወቅሁም ነበር።

ከቤይ ኤሪያ

ክሩ ስለ ወንዶች ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ በዚያው የውድድር ዘመን የተደረገ አንድ ጨዋታ ሳይጠቀስ ቢቀር ቅር ይለኛል፤ የዘካሪውን ጥያቄም በቀጥታ የሚመልስ ነው።

ኤፕሪል 4 ቀን 1896 የስታንፎርድና የበርክሌይ ሴት ተማሪዎች በሳን ፍራንሲስኮ በአንድ የጦር መሣሪያ ማከማቻ አዳራሽ ውስጥ ገጠሙ። ዘጠኝ ለዘጠኝ ነበሩ፤ ስታንፎርድ 2 ለ 1 አሸነፈች። ወንዶች እንዳይገቡ ተከልክሎ ሰባት መቶ የሚያህሉ ሴቶች ተመለከቱት፤ ውጭ የቀሩት ወንዶችም በመስኮት ለማየት ይታገሉ ነበር። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፣ ሁለቱም ቡድኖች የዩኒቨርሲቲዎቹ ናቸው፣ በመካከል ወወክማ የለም። አይዋ ሲቲ ላይ ወንዶቹ ከተጫወቱ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ ማለት ነው። በኮሌጆች መካከል የተደረገ ንጹሕ ግጥሚያ እንፈልግ ከተባለ፣ በዚያ ዘመን ከሴቶቹ ጨዋታ የበለጠ ጥርት ያለ አላገኘሁም። ጨዋታውን ወደ ሴቶች ኮሌጅ ያስገባችው ሴንዳ ቤረንሰን በስሚዝ ኮሌጅ ሥራዋን የጀመረችው ናይስሚዝ ጨዋታውን በፈጠረ በጥቂት ወራት ውስጥ መሆኑም አይረሳ።

አዲስ አንባቢ

እጅግ ተምሬአለሁ። በ1895–96 ሻምፒዮን የሆነው ማን ነበር?

የቅርጫት ታሪክ ወዳድ

ሻምፒዮን አልነበረም። ሊግ የለም፣ የተያዘ መርሐ ግብር የለም፣ ዋንጫ የለም። አንድ ቡድን በወቅቱ የሚጫወተው ጥቂት ግጥሚያ ነው፤ አብዛኛውንም በባቡር በቀላሉ ሊደርስበት ከሚችለው ጎረቤት ጋር ነው። በመጻሕፍት የምታገኛቸው የጥንት ሻምፒዮኖች ከዓመታት በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰው የተሰየሙ ናቸው። በ1936 በሎስ አንጀለስ የተመሠረተው የሄልምስ አትሌቲክስ ፋውንዴሽን ያወጣው ዝርዝር የሚጀምረው በ1900–01 ከዬል ነው። በሜዳ ላይ የሚወስን የኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር) ውድድር የተጀመረው በ1939 ሲሆን፣ ኦሪገን ኦሃዮ ስቴትን 46 ለ 33 አሸንፎ ወሰደው። ናይስሚዝም በዚያው ዓመት በኖቬምበር አረፈ፤ ያ የመጀመሪያ ውድድር ሲደረግ በሕይወት ነበረ ማለት ነው።

አሰልጣኝ የሚባለውም ዛሬ እንደምናስበው አልነበረም። ናይስሚዝ ራሱ በ1898 ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ቡድን ሲያቋቁም የመጀመሪያ ጨዋታውን በካንሳስ ሲቲ ወወክማ 16 ለ 5 ተሸነፈ፤ ሲያቆምም 55 አሸንፎ 60 ተሸንፎ ነበር። ለእርሱ ጨዋታው የሰውነት ማጎልመሻ እንጂ የማሸነፊያ መሣሪያ አልነበረም፤ ይህን ሳስብ ለሰውየው ያለኝ ፍቅር ይጨምራል።

ዘካሪው ላነሣው ነገር መልስ አለኝ ብል እዋሻለሁ። ትክክል ነው፤ ቫንደርቢልትን ያስወጣሁበት ሚዛን አይዋንም ያስወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያ ጽሑፌን እንዲህ አስተካክላለሁ፦ በአይዋ ሲቲ የተደረገው በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ በአምስት ለአምስት የተደረገ ጨዋታ ነው። «የመጀመሪያው የኮሌጅ ጨዋታ» የሚለውን ትቻለሁ። «አምስት» የሚለውን ግን አልለቅም። ዘጠኝ ለዘጠኝ የተጫወቱት ሐምሊን፣ ሃቨርፎርድና ስታንፎርድ ሁሉም ክብር ይገባቸዋል፤ የጸናው ግን የአይዋ ሲቲው ቁጥር ነው።

የቀን ቆጣሪ

የአይዋ ሲቲውን ጨዋታ ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ብመልሰው ጥር 10 ቀን 1888 ዓ.ም. ሆነ፤ የከተራ ዕለት ነው። ለዐድዋ ድል 43 ቀን ቀርቶት ነበር። ሁለቱ ነገሮች እንደማይገናኙ አውቃለሁ፤ የዘመኑን ርቀት ለመለካት ለእኔ ከ«1896» ይልቅ ይህ ቅርብ ስለ ሆነልኝ ነው የጻፍሁት።

የሰውነት ማጎልመሻ መምህር

ይቅርታ፣ ለአንድ ሳምንት ጠፍቼ ነበር። የቅርጫት ታሪክ ወዳድ «አምስት የሚለውን አልለቅም» ያለው ነገር ከአእምሮዬ ስላልወጣ በምናስተምርበት ግቢ ሞከርሁት።

ከአሥረኛ ክፍል 18 ተማሪዎችን ወሰድሁ። የሁለቱንም ቅርጫቶች መረብ ከታች በሲባጎ ቋጠርሁ፤ አንድ ልጅ ረጅም የመወልወያ እንጨት ይዞ ከሥር ቆሞ ኳሱን እንዲያወጣ አደረግሁ። ኳሱም እንደ ናይስሚዝ ዘመን የእግር ኳስ ነበር። ማንጠር ክልክል፣ ይዞ መሮጥ ክልክል፤ ሁለት የ15 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ በመካከል አምስት ደቂቃ ዕረፍት።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ዘጠኝ ለዘጠኝ ተሰለፉ። የያዘው ልጅ ቀና ሲል በየአቅጣጫው እጅ ብቻ ያያል፤ ከወገኑ ይልቅ ተጋጣሚው ይቀርበዋል። ኳሱ ከተወረወረ በኋላ አምስት ስድስት ልጆች አንድ ላይ ይዘላሉ፤ ከመሬት ሲወርዱ ኳሱ ማን ዘንድ እንዳለ እኔ ዳኛው እንኳ ለመለየት ተቸግሬአለሁ። በ15 ደቂቃ ውስጥ የገባው ግብ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ኳሱ ከአንድ ልጅ ትከሻ ላይ ነጥሮ ነው።

በሁለተኛው አምስት ለአምስት አደረግኋቸው፤ የቀሩት ስምንቱ ዳር ተቀመጡ። ሁለት ደቂቃ ያህል እንደ ቀድሞው ተፋፈጉ። ከዚያ ግን አንዲት ቀጠን ያለች ልጅ ኳሱን ወርውራ ቆማ አልቀረችም፤ ወደ ቅርጫቱ ሮጠች፤ ኳሱም ተመለሰላት። ማንም አላስተማራትም፤ ሜዳው ላይ ክፍት ቦታ ስላየች ነው። ሌሎቹም ወዲያው ያዙት። ክፍለ ጊዜው 6 ለ 5 አለቀ፤ በግብ ቁጥር ማለቴ ነው።

የመወልወያውን እንጨት የያዘው ልጅ ክንዴ ዛለ ብሎ በመጨረሻ ሲባጎውን ፈታው፤ እኔም አልከለከልሁትም።

የሴንት ፖሏ

መምህር፣ በዘጠኝ ጫማ ጣሪያ ሥርም እንዲሁ ይሆን እንደ ነበር እያሰብሁ ነው። ቅዳሜ ወደ ሐምሊን እሄዳለሁ፤ ያ አሮጌው የሳይንስ ሕንፃ የት ላይ ቆሞ እንደ ነበር ጠይቄ እነግራችኋለሁ።